አኩራፊዋ የተነሳች ቀን

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ሱቅ ዝግ። ለሌላው ፀጉር አስተካካይ ሰኞ የእንቅልፍ ቀን ነው፤ ለእኔ የመጋዝ ቀን። ከቁርስ በኋላ በረንዳ ላይ ጠረጴዛዬን ዘረጋሁና አሮጌ ዕቃ ሻጩ ያገኘልኝን የሞተር መጋዝ አወጣሁ። ድሮ ቀይ ነበረች ይላል። አሁን ቀለሟን እሷም የምታውቀው አይመስለኝም። ከትዳሬ በዕድሜ ትበልጣለች። የማስነሻ ገመዷን ብስብ፣ ብስብ... ትንፍሽ የለም። ስም አወጣሁላት፦ አኩራፊዋ።

ከእሷ በፊት ያስነሳኋቸው ሁለቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ተወልውለዋል፣ ያበራሉ፣ ሰንሰለት ግን የላቸውም። ምን ያደርግላቸዋል? እኔ ዛፍ ቆርጬ አላውቅም፣ የመቁረጥ ሐሳቡም የለኝም። የምወደው ያቺን የመጀመሪያዋን ጩኸት ነው... ስንት ዓመት ሞቶ የኖረ ሞተር ድንገት ሲነሳ። ሚስቴ "ጥርስ የሌለው ውሻ አርቢ" ትለኛለች።

አኩራፊዋ ግን ሰንሰለት አላት። በፌስታል ተጠቅልሎ አብሯት መጣ። የመጀመሪያዬ ባለጥርስ!

ዛሬ በጢም መላጫ ብሩሼ አቧራዋን ጠረግሁላት። ሚስቴ አየችኝ። ምንም አላለችም። እሷ ዝም ስትል ነው የሚያስፈራው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

የሚስቴ አባት መጡ። መጡ ከማለት አመጣናቸው ማለት ይሻላል። ብቻቸውን በሚኖሩበት ቤት ወድቀው፣ ሰው ሳያያቸው ወለል ላይ አድረው ነው የተገኙት። ሚስቴ ነርስ ናት፤ ስንት ጉድ አይታ የማትደነግጥ። የአባቷን ጫማ ስታወልቅ ግን ማሰሪያውን መፍታት አቃታት። አጥንታቸው ደህና ነው፣ እግዜር ይመስገን። ከእንግዲህ ብቻውን አይኖርም ብላ ወስናለች።

እሳቸው አልወሰኑም። ቦርሳቸውን ሳይፈቱ አልጋው እግር ሥር አስቀመጡት። "ወገቤ እስኪጠና ነው" አሉ።

ዕድሜ ልካቸውን ዛፍ ቆራጭ ነበሩ። ልጃቸውን ካገባሁበት ቀን ጀምሮ ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም። "ፀጉር ቆራጩ" ነኝ። ከዛፍ ቆራጭ ጋር ሲወዳደር ምን ይባላል... የሚቆረጠው ነገር አንሶባቸው መሰለኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

አይበሉም። አይነሱም። ፊታቸው ወደ ግድግዳ ነው። "ደህና አደሩ አባባ?" እላለሁ። "እ።" "ትንሽ ወጣ ብለው ፀሐይ ቢሞቁ?" "እ።"

ጆሯቸውን የሞተር ጩኸት ጨርሶታል ይባላል። ግን ሚስቴ ኩሽና ውስጥ በሹክሹክታ "ሾርባ ልስጠው ይሆን?" ስትለኝ ከመኝታ ቤት "አልፈልግም" የሚል ድምፅ መጣ።

ማምሻውን ሚስቴ በረንዳ ላይ ቆማ አለቀሰች። "ያዳንኩት መስሎኝ ያሰርኩት እኔ ነኝ" አለች። አጠገቧ ቆምኩ። ለማጽናናት ያህል ስለ አኩራፊዋ ካርቡራቶር ልነግራት ጀመርኩና አስተያየቷን አይቼ ተውኩት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

መጻፍ ያለበት ቀን።

አኩራፊዋን በታትኜ አጠብኳት። እሳት የምትጭርበትን ካንዴላዋን ቀየርኩ፣ ካርቡራቶሯን በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩ። ሰንሰለቷን አወጣሁና ጥርሶቿን አንድ በአንድ በሞረድ ሳልኩ። ስለት ከእኔ የተሻለ ማን ያውቃል? በፀጉር ብትፈተን ፀጉር ትሰነጥቃለች። ከዚያ በረጅሙ ብረቷ ዙሪያ ገጠምኩት (ያንን ብረት ምላስ ነው የምለው)። ራቅ ብዬ አየሁ። አማረችብኝ።

ገመዱን ሳብኩ። ምንም። ሳብኩ። ምንም። ሰደብኳት። ሳብኩ።

ከኋላዬ የሆነ ድምፅ ተሰማ። ሳል መሰለኝ። ስዞር አማቴ መስኮቱ ጋ ቆመዋል... ከአልጋ ተነስተው! መስኮቱን ይዘው ትከሻቸው ይነቃነቃል። ሚስቴ ከኩሽና በሩጫ መጣች፣ ያመማቸው መስሏት። እየሳቁ ነበር።

"ሰንሰለቱን ወደ ኋላ ገጠመው" አሏት እኔን በጣታቸው እያሳዩ። "እንዲህ ተገጥሞ እንኳን እንጨት ቅቤም አይቆርጥ።"

ከዚያ ጥርሱን ቀረብ ብለው አዩት። "ይሄን ያህል ያቀጠንከው ጢም ልትላጭበት ነው?"

ተናድጃለሁ። በጣም። ግን ምሳቸውን ጠርገው በሉ። ሚስቴ ከጠረጴዛው ማዶ ሆና እንደ ሙሽራ ታየኝ ነበር... እንዲህ ካየችኝ ስንት ዓመት ሆናት?

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ዛሬ አማቴ እኔ ሳልወጣ ወጥተው ጠበቁኝ። ወንበር አስመጥተው፣ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ክብሪት እንጨት እያኘኩ። ሲኒማ የገባ ሰው ነው የሚመስሉት።

እርዳታ የለም። "አባባ፣ ይቺ ቱቦ የት ነው የምትገባው?" ስል ጆሯቸው አይሰማም። ስሳሳት ግን ከሩቅ ይሰማሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረግ ያደርጋሉ። ሦስት ጊዜ ጠረግ ካደረጉ ከባድ ጥፋት ነው ማለት ነው።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡት መምህርት በግንቡ ላይ ብቅ አሉ። ሞተሩ ሳይነሳ እንዲህ ከጮህኩ ሲነሳ ምን ልሆን እንደሆነ ጠየቁኝ። አማቴ ግን የሴትዮዋን ዛፍ ያያሉ። በራቸው ላይ ያዘነበለ፣ ቅጠል ያበቀለበትን ጊዜ ማንም የማያስታውሰው ግንድ ነው። "የደረቀ ነው፣ ይወድቃል" አሉ አማቴ። "አልደረቀም፣ አርፎ ነው" አሉ መምህርቷ። ሁለቱም ፊታቸውን አዞሩ።

እኔ ገመድ መሳቤን ቀጠልኩ። እንደገና ምንም የለም። አማቴ ክብሪት እንጨታቸውን ከአፋቸው አወጡና እንዲህ አሉ፦

"ይቺ ነገር የተነሳች ቀን ቦርሳዬን ይዤ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።"

እስክትነሳ እዚህ እንደሚያረጁ ለመናገር ነው። መቀለጃ አደረጉኝ። ግድ የለም... አሳያቸዋለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ሚስቴ ከሥራ እንደገባች በረንዳ ላይ ለብቻዬ ያዘችኝ። አባቷ አንዴ ከተናገሩ አይመለሱም አለችኝ። እሷ ልጅ ሳለች "ከነገ ጀምሮ አላጨስም" ብለው ነበር፤ ያኔ ያቆሙት ሲጋራ እንደቆመ ነው። እሄዳለሁ ካሉ ይሄዳሉ። ሄደው ደግሞ ያ ወለል ላይ...

"ስለዚህ እንዳታስነሳት" አለች።

"እንዴት እንደሱ ይሆናል?"

"አባዬ ዛሬ 'ሰኞ መቼ ነው?' ብሎ ጠየቀኝ። ገብቶሃል? ቀን መጠየቅ ጀመረ። እንዳታስነሳት።"

በትዳራችን ዘመን ሁሉ ይቺ ሴት "ይሄን መቼ ነው የምትጠግነው?" ስትለኝ ነው የኖረችው። የኩሽናው ቧንቧ ምስክሬ ነው። ዛሬ አንድ ነገር እንዳልጠግን ለመነችኝ። እሱም ቧንቧው አይደለም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

አልቻልኩም። ይኸው ጻፍኩት።

አባትና ልጅ ለምርመራ ሄዱ። ቤቱ ባዶ። እኔና አኩራፊዋ ብቻ። አየኋት። አየችኝ። ሰንሰለቷ ተስተካክሏል፣ ቱቦዋ ቦታዋን አግኝታለች፣ ካርቡራቶሯን ትናንት ከሱቅ ስመለስ በትንሹ ላላ አድርጌያታለሁ... አንዴ ብሞክራት ማን ያውቃል? ገመዱን አንዴ ሳብኩ፣ ሳል አለች። ደገምኩ።

ተነሳች። እናቴ ትሙት ተነሳች። ጭስ ተፋች፣ ተንዘፈዘፈች፣ ከዚያ ድምፅዋ ጠራ። እንባዬ መጣ፣ ጭሱ ነው እንዳልል ነፋሱ ወደዚያ ነበር።

ግንቡ ላይ የመምህርቷ ራስ ብቅ አለ። "በስንት መከራ" አሉ። ቶሎ አጠፋሁና ጣቴን አፌ ላይ አደረግሁ። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ፈተና ሲኮርጅ የተያዘ ተማሪ እንደሚያዩ አዩኝና ለማንም እንደማይናገሩ ቃል ገቡልኝ።

ደህናውን ካንዴላ ፈትቼ ኪሴ ከተትኩ። በቦታው የሞተውን አሮጌ ካንዴላ መለስኩ። በገዛ እጄ!

ሲመለሱ አማቴ በአኩራፊዋ አጠገብ አለፉና ቆም አሉ። መዳፋቸውን ሞተሯ ላይ አሳረፉ።

"ፀሐይ መትቷት ነው" አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

"እ" አሉ።

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ተዋናይ ሆኛለሁ። ጠዋቱን ሙሉ እንደማትነሳ የማውቃትን መጋዝ ገመድ ስስብ ዋልኩ። ፊቴን አጨማደድኩ፣ ራሴን አከክሁ፣ "ምን ሆነች በእግዚአብሔር?" አልኩ። ሚስቴ እያለፈች "አታጋነው" አለችኝ በጆሮዬ።

አማቴ ዛሬ ከወንበራቸው ተነሱ። ሞረዱን ከእጄ ተቀበሉና ጥርስ እንዴት እንደሚሳል አሳዩኝ። እጃቸው መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፤ ሞረዱ ብረቱን ሲነካ ግን መንቀጥቀጡ ቆመ። ከዚያ እጄን በእጃቸው ይዘው አብረን ሳልን። ወደ ፊት ብቻ ነው የሚገፋው፣ ወደ ኋላ አይጎተትም። እጄን ለቀው ብቻዬን እንድስል ተዉኝ።

"እጅህ ቀላል ነው" አሉ። ከዚያ ሳይረሱ "ፀጉር ለምዶ" ብለው ጨመሩበት።

ወድጃቸዋለሁ። ለማንም አልናገርም፣ ግን ወድጃቸዋለሁ። እና አሁን የምዋሻቸው እንዲሄዱብኝ ስለማልፈልግ ነው እንጂ ሚስቴ ስላለች ብቻ አይደለም።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ዛሬ ዝናብ ስለነበረ ሱቅ ሰው የለም። ቀደም ብዬ ገባሁ። አባትና ልጅ ዳቦ ሊገዙ ወጥተዋል... አማቴ በእግራቸው፣ ዘንግ ተደግፈው! እኔ ደግሞ ያቺ ድምፅ ናፈቀችኝ። አንዴ ብቻ፣ ሰምቼ ላጠፋት። ደህናውን ካንዴላ ገጠምኩ።

አልተነሳችም።

ሳብኩ። አልተነሳችም። ደነገጥኩ። ባለፈው ሁለቴ ስስባት ተነስታ የለ? ምኗን ነው ያበላሸሁባት? ካርቡራቶሯን አየሁ፣ ደህና። የቤንዚን ቱቦዋን ነቀልኩና ወደ ብርሃን ይዤ አየሁ።

ውስጧ ቁራጭ እንጨት አለ። ክብሪት እንጨት ነው። በሰንጢ ተጠርባ፣ ጫፏ ሾል ብላ፣ በቱቦዋ ቀዳዳ ልክ ተደርጋ የተሠራች። እንዲህ አድርጎ እንጨት የሚጠርብ ሰው በዚህ ቤት አንድ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አልኩ። ታዲያ የዚያን ዕለት የሞቀውን ሞተር በመዳፋቸው ነክተው... አውቀዋል። መነሳቷን አውቀዋል። አውቀውም "እ" ብለው ዝም አሉ። መሄድ አይፈልጉም። አልሄድም ማለት ግን አይችሉበትም፤ ከአፋቸው አንዴ ወጥቷላ።

ቁራጯን በቦታዋ መለስኳት። የሞተውንም ካንዴላ መለስኩት። ለሚስቴ ሳጫውታት እስኪያማት ሳቀች፣ ከዚያ ሳቁ መሀል ላይ ተቀየረባትና አለቀሰች። በአንድ ቤት ሦስት ሰው አንዲት መጋዝ እንዳትነሳ እየጠበቀ። አኩራፊዋ ብታኩርፍ ይፈረድባታል?

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

እጄ አሁንም ይነዝረኛል።

ከቀትር በፊት ነፋሱ በረታ። ሱቅ ነበርኩ። ሚስቴ ደወለች፤ የመምህርቷ ዛፍ ወድቆ በራቸውን ዘግቶታል፣ እሳቸው ውስጥ ናቸው። ደንበኛዬን በአንድ ጎኑ ብቻ እንደተቆረጠ ትቼው ሮጥኩ (ለነገ ቀጥሬዋለሁ፤ ሻርፕ አድርጎ ሄደ)።

ግንዱ በሩን እንደ መቀርቀሪያ ይዞታል። መስኮቶቹ በሙሉ ፍርግርግ አላቸው። መምህርቷ ከፍርግርጉ ኋላ ሆነው ደህና ነኝ ይላሉ፤ ድምፃቸው ግን ደህና አይደለም። የልብ መድኃኒታቸው ከማታ ጀምሮ አልቆባቸዋል፤ ዛሬ ሊገዙ ነበር። ሚስቴ እጃቸውን በፍርግርጉ ይዛ የልብ ምታቸውን ትቆጥራለች። "ቶሎ በሉ" አለች ሳትዞር። እንዲህ በቀስታ ስትናገር የእውነት ነው።

መጋዟን ላመጣ በረንዳችን ላይ ደረስኩ። አማቴ ቀድመውኛል፣ ያለ ዘንግ! እኔ እጄን ወደ ኪሴ፣ እሳቸው እጃቸውን ወደ ቱቦዋ... እኩል ሰደድን። መዳፌ ላይ ደህናው ካንዴላ። ጣታቸው ላይ ቁራጯ እንጨት። ተያየን።

"ፀጉር ቆራጭ" አሉ።

"አቤት አባባ።"

"ግጠማት።"

አንዴ ስስባት ተነሳች።

መያዙን ለእኔ ተዉልኝ። ከኋላዬ ቆመው ትከሻዬን ያዙ። በዚያ ጩኸት መነጋገር የለም፤ ቀኝ ትከሻዬን ሲጫኑ ወደ ቀኝ፣ ሲያነሱ ወደ ላይ፣ ሲጨብጡኝ ቁም። በሕይወቴ የመጀመሪያውን እንጨት ቆረጥኩ። ፈራሁ፣ እውነቴን ነው። ትከሻዬ ላይ ያ እጅ ባይኖር ኖሮ እጥላት ነበር።

በሩ ተከፈተ። ሚስቴ የሕክምና ቦርሳዋን ይዛ ገባች፤ መድኃኒቱም ተገዝቶ መጣ። ቆይተው መምህርቷ ደጃቸው ወጥተው ተቀመጡና የቆረጥኩትን ግንድ መረመሩ። ጠማማ ነው አሉ። ዛፉ ግን አልደረቀም ነበር አሉ።

እራት ላይ አማቴ ሳህናቸውን ገፋ አድርገው "ተነሳች" አሉ። "ተነሳች አባባ" አልኩ። ሚስቴ ተነስታ ሳህን ማጠብ ጀመረች። የታጠበ ሳህን ነበር የምታጥበው።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ሄዱ።

ሚስቴ ሥራ ገብታ ነበር። ኮታቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ይዘው ከክፍላቸው ወጡ። በሩ ላይ ቆሜ መንገድ ዘጋሁ። ምን ልል እንደሆነ ሳላውቅ "አባባ፣ ይቆዩ። ለእሷ ብዬ አይደለም፣ ለራሴ ነው" አልኩ።

ቆም ብለው አዩኝ። "የተናገርኩትን ሰምተሃል" አሉ። ትከሻዬን በመዳፋቸው መታ አድርገው አለፉ።

ሱቅ ሄድኩ። የትናንቱን ሰውዬ ቀሪ ጎኑን ስቆርጥ አጠፋሁበት። አሁን ሁለቱም ጎኑ እኩል አይደለም። ለሚስቴ እንዴት አድርጌ ልደውል?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ትናንት ከሰዓት የሆነውን ዛሬ ልጻፈው፤ ትናንት ከዚያ በኋላ ደብተሩን አልከፈትኩም።

ደውዬ ስነግራት ሚስቴ ስልኩን ዘጋችው። ቤት ስገባ የአባቷ አልጋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። መሳቢያው ተከፍቷል። ሸሚዞቻቸው በሙሉ እዚያ ናቸው፣ ታጥፈው፣ ተደርድረው። ከሥር ካልሲ። ጫማቸው አልጋው ሥር። መቼ እንዳወጡት አታውቅም። እኔም አላውቅም።

"ታዲያ ቦርሳው ውስጥ ምን ይዞ ሄደ?" አለች።

የግቢው በር ተንኳኳ። አሮጌ ዕቃ ሻጩ የቦርሳውን አንድ እጀታ ይዟል፣ አማቴ ሌላኛውን። ላብ በላብ ሆነዋል። ቦርሳው እየጎተታቸው በረንዳ ላይ ደረሱ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ጣሉት፣ ዚፑን ከፈቱ። አንዲት የሞተር መጋዝ። ዝገት የበላት፣ እጀታዋ በሽቦ የታሰረ። የአኩራፊዋ አያት ብትሆን ነው።

ወንበራቸውን ሳቡና ተቀመጡ። ኮታቸውን ሳያወልቁ እንዲህ አሉ፦

"ይቺ የተነሳች ቀን ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።"

ሚስቴ ቦርሳውን አየች፣ መጋዟን አየች። በመጨረሻ "ምሳህ ቀዝቅዟል" አለቻቸውና ልታሞቅ ገባች።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

ሱቅ ዝግ። አኩራፊዋን ግድግዳው ላይ ሰቀልኳት፣ ከነሰንሰለቷ። ባዶው ቦርሳ የእኔ መፍቻዎችና ካቻቢቴዎች ማስቀመጫ ሆኗል።

አዲሷን ከፈትኳት። አማቴ ወንበራቸው ላይ ናቸው፣ ብርድ ልብስ፣ ክብሪት እንጨት። መምህርቷ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ግንቡን ትተው በበሩ ይገባሉ፤ የራሳቸውን ወንበር ይዘው መጡ።

የመጨረሻዋን ቡሎን ፈትቼ ክዳኑን አነሳሁ። ውስጧ ባዶ ነው። ፒስተን የላትም። ፒስተኑ የሚቀመጥበት ራሱ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ይቺ መጋዝ እስከ ዓለም ፍጻሜ አትነሳም። ይህን ደግሞ ዕድሜውን ከመጋዝ ጋር የኖረ ሰው ከመግዛቱ በፊት አንዴ አንስቶ ነቅነቅ ሲያደርጋት ያውቃል።

ቀና ብዬ አየኋቸው። የመምህርቷን ግንድ ያያሉ።

"እንዴት ናት?" አሉ ሳይዞሩ።

"ትንሽ ሥራ አላት አባባ።"

"አትቸኩል፣ ልጄ" አሉ።

የጢም ብሩሼን አመጣሁና አቧራዋን መጥረግ ጀመርኩ።